የጋሽ ሳሙና ምስክርነት

ጋሽ ሳሙና ጠዋት ዳቦ ገዝተው ደረጃውን ሲወጡ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ የልብስ ሰፊዋ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሴትዮዋ ስፌቷን አቁማ ከሦስተኛ ፎቅ ከወረደች ጎረቤቷ ጋር ወሬ ይዛለች። «የገዛ አባቷ እንኳ አንድ ቀን ገብተውበት አያውቁም» ትላለች። «ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጋዝ ጋር የኖሩ ሰው የፈሩትን መኪና፣ እኔ ምን ቤት ነኝና ነው ከአልጋዬ ሥር የማሳድረው?» ጎረቤትየዋም እውነትሽን ነው አለች። ጋሽ ሳሙና በግራ ጆሯቸው አይሰሙም፤ ድሮ በብየዳ ቤታቸው አንድ ሲሊንደር ፈንድቶ ጣሪያውንና የግራ ጆሯቸውን በአንድ ቀን ይዞባቸው ሄዷል። ምን ዋጋ አለው፣ በዚያች ሰዓት ወደ በሩ የዞረው ቀኙ ነበርና አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም። ዳቦውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ኮቴያቸው እንዳይሰማ በጣታቸው እየረገጡ እንደ ሌባ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጡ።

ስማቸውማ ሌላ ነው፤ ግን ከመብራት ክፍያ ደረሰኙ በቀር የሚያውቀው የለም። በዚህ ሕንፃ ውስጥ አዲስ የወጥ ቤት ጋዝ ያስመጣ ሰው፣ እሳቸው ሳያዩለት ክብሪት አይጭርም። በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ የሳሙና ውሃ በጥብጠው፣ ብሩሽ ይዘው ይመጣሉ። የሲሊንደሩን አንገትና የቱቦውን መጋጠሚያ አረፋ በአረፋ ያደርጉትና፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። አረፋው ካልተነፋ «በይ ምሳሽን ሥሪ» ብለው ይሄዳሉ። ከተነፋ ግን ጋዙን ለሸጠው ሰው ወዮለት፤ ሱቁ ድረስ ሄደው በሰው ፊት ያዋርዱታል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለዚህ ሥራ ሰባራ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። አሥራ ስድስት ቤት ሙሉ ሰው የሚተኛው በእሳቸው አረፋ ነው ቢባል ውሸት የለበትም፤ እሳቸውም ይህንን ያውቃሉ፤ ማወቃቸው ደግሞ ከአረማመዳቸው ያስታውቃል።

አሁን ጉድ የፈላው በልጃቸው መኪና ነው። ሚጢ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሚጢ መባሉን ግን ማንም አልተወላትም። ታክሲ ነጂ ናት። የምትሠራበት ድርጅት ከሁለት ወር በፊት በሃይድሮጂን የሚሄዱ አሥር መኪኖች አስመጣና፣ በአነዳዷ ጭረት የሌለባት እሷ ናት ብሎ አንዱን ለእሷ ሰጣት። ቀን ሠርታበት ማታ ይዛው ትገባለች፤ ከሕንፃው ሥር ባለው ምድር ቤት፣ ከሌሎቹ መኪኖች ጎን ያድራል። ጋዝ በሆዱ ይዞ የሚያድር መኪና መጣ ሲባል ነዋሪው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተንሾካሾከ፣ በመጨረሻ አቤቱታ ጻፈ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተሰብስቦ መኪናው ከግቢው ይውጣ ወይስ ይቆይ ብሎ እጅ ያወጣል። ይውጣ ከተባለ ሚጢም አብራው ትወጣለች። ከተማው ማዶ፣ ጋዙ ከሚቀዳበት ጣቢያ አጠገብ አንድ ክፍል አይታለች፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ልትገባበት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። ይህንን ለአባቷ የነገረቻቸው ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። እሳቸውም «እሺ» አሉ። እናትየዋ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ሁለቱም ነገር ሲጠብቅባቸው ወደሷ ዞር ማለት የለመዱ ሰዎች ስለሆኑ፣ ከ«እሺ» በኋላ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ጠፋ።

ቤት ሲገቡ ሚጢ የሥራ ጃኬቷን ለብሳ፣ ቆማ ሻይዋን ትጠጣለች። ዳቦውን ቆርሰው ሰጧት። የዳቦው ዋጋ ባለበት ነው፣ ቁመቱ ግን አጠረ አሉ። እሷም አዎ፣ ትናንት ተሳፋሪዋም ይህንኑ ሲያማርር ነበር አለች። የቧንቧው ጠብታ እንደገና ጀምሯል፤ የውስጥ ጎማው ተበልቶ ይሆናል ተባባሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ የልባቸውን ሳይነኩ የሚጢ ሻይ አለቀ። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ሚጢ ቁልፏን በእጇ እያገላበጠች ቆመች።

«አባዬ፣ ስብሰባው ላይ ትገኛለህ አይደል?»

«እገኛለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው ምንም አትበል። ዝም ካልክ ለእኔ ይበቃኛል።»

ተቆጥታ አልነበረም፤ እንደውም የኮታቸውን ኮሌታ አስተካክላላቸው ነው የሄደችው። ለዚህም ነው ነገሩ አንጀታቸውን የበላው። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው የቀዘቀዘ ሻይ እያማሰሉ ብዙ ቆዩ። ልጂቱ የምትለምናቸው እንዲመሰክሩላት አይደለም፣ እንዳይመሰክሩባት ነው። መኪናው ውስጥ አልገባም ማለታቸው እውነት ነው፤ ፈርተው ነው፤ ግን የእሳቸው ፍርሃት ተጣጥፎ፣ ደረጃ ለደረጃ ዞሮ፣ በልጃቸው ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል ብለው አንድ ቀን አስበው አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት ሌላ ነገር ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው፣ ሚጢ ሳትነሳ፣ ቆርቆሯቸውን ይዘው ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳሉ። በመኪናው ሥር የሚደርሱበትን መጋጠሚያ ሁሉ ሳሙና ይቀባሉ፣ ከዚያ ሲሚንቶው ላይ በደረታቸው ተኝተው አፍንጫቸውን ከወለሉ አስጠግተው ያሸታሉ። የወጥ ቤት ጋዝ እንደ ውሃ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ ሽታውም የበሰበሰ ሽንኩርት ነው። ይህኛው ግን አንድ ቀን እንኳ ሸቷቸው አያውቅም፤ ይህም ይብስ አስፈራቸው። መኪናው በመጣበት ሳምንትማ የሕንፃውን ጠባቂ ይዘው ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ከምድር ቤቱ ጣሪያ ሥር፣ ልክ ከልብስ ሰፊዋ መስኮት በታች የነበሩትን አራት የአየር ቀዳዳዎች በሲሚንቶ አስደፍነው፣ በምትኩ ወለሉ አጠገብ አራት አዲስ አስቆፈሩ። ጋዙ ቢያመልጥ በሥር ይውጣ፣ ወደ ሰው መስኮት አይውጣ ብለው ነው። ያኔ ነዋሪው በሙሉ እግዜር ይስጥልን ብሏቸዋል።

ሻዩን ደፉትና ኮፍያቸውን አነሱ። ይሄ መኪና ጋዙን የሚጠጣበትን ቦታ በዓይኔ ሳላየውማ አልሰበሰብም አሉ ለራሳቸው። አውቶቡስ ሁለት ጊዜ መቀየር ነበረባቸው፤ ትኬት ቆራጯ ለጡረተኛ የነበረው ቅናሽ ከዚህ ወር ጀምሮ ቀርቷል አለቻቸውና፣ ሙሉውን ከፍለው መጨረሻ ወንበር ላይ ተጨናንቀው ሄዱ። ጣቢያው በአጥር፣ በዘበኛና በራስ ቅል ሥዕል የተከበበ ይመስላቸው ነበር። ያገኙት ግን ክሊኒክ የመሰለ ንጹሕ ቦታ ነው፤ ነጭ ጣሪያ፣ ሁለት መቅጃ፣ አንድ ቢሮና ከቢሮው ፊት አንድ አግዳሚ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ የሰካች ቴክኒሻን ወጥታ ምን ፈልገው ነው አለቻቸው። «በያጅ ነኝ» አሏት፤ ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም። ልጂቱ ፊታቸውን ትታ እጃቸውን አየች። ብልጭታ የጠበሳቸውን ነጠብጣቦች፣ የሌባ ጣታቸውን ጠፍጣፋ ጥፍር አየችና፣ ሌላ ሳትጠይቅ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እሳቸውም ልጃቸው ከእነዚህ መኪኖች አንዱን እንደምትነዳ ነገሯት። አባቷ ባይሆን አጎቷ በያጅ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ መኪና ገባና ሲቀዳ አዩ። ቱቦው ወፍራም ነው፤ አፉ መኪናው ላይ ቀጭ ብሎ ካልተቆለፈ ምንም አይለቅም። ፉጨት ተሰማ፤ የመቅጃው አፍ ከቅዝቃዜው የተነሳ በረዶ መሰለ፤ አራት ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ግፊቱ ስንት ነው ቢሏት ሰባት መቶ ባር አለች፤ ጋሽ ሳሙና በሕይወታቸው ከሁለት መቶ በላይ የሆነ ነገር አጠገብ ቆመው አያውቁምና፣ ሳያስቡት ወደ አግዳሚው ጫፍ ተንፏቀቁ። ልጂቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አያስከፋም። የታንኩን ውፍረት በጣቶቿ ለክታ አሳየቻቸው፤ ከመሸጡ በፊት ተጥሎ፣ ተደብድቦ፣ እሳት ውስጥ ገብቶ እንደሚፈተን፣ መኪናው ራሱ ፍሳሽ ከተሰማው ቫልቩን እንደሚዘጋ፣ ቃጠሎ ከመጣበት ደግሞ ታንኩ እንዳይፈነዳ ጋዙን አስተንፍሶ እንደሚለቀው ነገረቻቸው። እሳቱ በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች ድሮ መጥረጊያ ወደፊት ዘርግተው ይራመዱ ነበር፣ መጥረጊያው ሲያያዝ እሳቱ የት እንዳለ ያውቃሉ አለች። ይህንን ወደዱት። አዲስ ነገር ቢሆንም የሠራተኛ ነገር ነውና ገባቸው።

ዓይናቸው ግን ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። ወለሉን ዙሪያውን አዩት፤ የግድግዳውን ሥር አዩት፤ ፍሳሽ የሚጠቁም አንድም መሣሪያ የለም። ሰነፎች ናቸው አሉ በሆዳቸው፤ በልባቸው ውስጥ ትንሽ ደስታ ብጤም ሽው አለ፤ ትክክል ነበርኩ የሚል። የጋዝ ጠቋሚያችሁ የት አለ ብለው ጠየቁ። ቴክኒሻኗ በእርሳሷ ወደ ላይ አሳየቻቸው። ከጣሪያው ሥር፣ ከወለሉ አራት ሜትር ከፍ ብለው፣ ሲኒ የሚያካክሉ ነጫጭ ሳጥኖች በረድፍ ተሰክተዋል። ጣሪያውም ዘመም ያለ ነው፤ ከፍ ያለው ጫፉ ክፍት ነው።

«ላይ ምን ይሠራል?»

«ጋሼ፣ ይሄ መሬት የሚባል ነገር አያውቅም። ካመለጠ ወደ ላይ ነው። ከአየር አሥራ አራት ጊዜ ይቀላል። ክፍት ካገኘ ዓይንዎን ጨፍነው ሳይገልጡ ተበትኗል። የሚያስፈራው ጣሪያ ሥር ከታፈነ ነው።»

«ሽታውስ?»

«የለውም። የወጥ ቤቱ እኮ ሽታ ተጨምሮበት ነው። በዚህኛው ላይ ከጨመርንበት ጋዙን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን የመኪናውን ሴል ያበላሸዋል። በአፍንጫ አይገኝም።»

ጋሽ ሳሙና ሁለት ወር ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ያደረጉትን አፍንጫቸውን ሳያውቁት ዳበስ አደረጉት። ቴክኒሻኗ ይህን አላየችም፤ ስለ ሥራዋ መናገር የምትወድ ልጅ ናት፣ ቀጥላለች። እኔ መኪናውን አልፈራውም፤ መውጫ የሌለው ጣሪያ ነው የምፈራው አለች። ከዚያ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ ልጅዎ የምታሳድርበት ቦታ ከላይ ክፍት ነው ብላ ጠየቀቻቸው።

«ነበር» አሉ ጋሽ ሳሙና።

ቴክኒሻኗ ጨዋታዋን ትታ ትክ ብላ አየቻቸው። እሳቸውም ነገሩን ከሥሩ አንስተው፣ አንድም ሳይደብቁ ነገሯት፤ አራቱን ቀዳዳ፣ ሲሚንቶውን፣ ምርቃቱን። አልሰደበቻቸውም። ዛሬውኑ መኪናው ሰማይ ሥር ይደር፣ ነገ ጠዋት መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ጣሪያው ላይ የሚሰካውን ጋዝ ጠቋሚ ሴንሰር ደግሞ ድርጅቱ ይሰጣል አለች። ይህንን ወረቀት ላይ ጻፈችላቸው። አንዲት ብርጭቆ ውሃም አመጣችላቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ሚጢ ልትቀዳ ገባች። አባቷን አግዳሚው ላይ ብርጭቆ ይዘው ስታይ ከመሪው ላይ እጇን ሳታነሳ ትንሽ ቆየች። ቀድታ ስትጨርስ የፊተኛውን በር ከፍታ ቆመች። በሁለት አውቶቡስ ቢመለሱ ስብሰባው ያመልጣቸዋል። ገቡ። ገብተውም ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ፈትሸው፣ የበሩን እጀታ ጨብጠው፣ መንገዱን ሙሉ ዓይናቸውን ከመስታወቱ አልነቀሉም። መኪናው ድምፅ የለውም፤ እነሱ ዝም ብለው ከሚቀመጡበት ቤት ይብስ ዝም ያለ ነው። ሚጢ አባቷ መኪናውን የፈሩ መስሏት ቀስ ብላ ትነዳለች። እሳቸው ግን ታንኩን ረስተውታል። የሚያሰሉት ሌላ ነው። ልጂቱ እንደለመነቻቸው ዝም ቢሉ መኪናው ይውጣ ይባላል፤ የቀዳዳውን ነገር ማንም አያውቅም፤ እሳቸው ጋሽ ሳሙና እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ሚጢ ቅዳሜ ትሄዳለች። ቢናገሩ ስማቸው ያልቃል። ስማቸው አልቆም ነዋሪው ይብስ ደንግጦ መኪናውንም ልጂቱንም ቢያባርርስ? ቤት እስኪደርሱ ቁርጡ አልታወቃቸውም። ግን አንድ ነገር አደረጉ፤ መኪናውን ወደ ምድር ቤት እንዳታስገባው፣ ግቢው ውስጥ ሰማይ ሥር እንድታቆመው ነገሯት። እሷም ምክንያቱን ሳትጠይቅ አቆመችው፤ ፊቷ ግን ጠቆረ። ከአሁኑ አስወጡኝ ብላ ነው።

ስብሰባው ከመግቢያው አጠገብ፣ ከፖስታ ሳጥኖቹ ፊት ለፊት ነው። ሰው ከየቤቱ ወንበር ይዞ ወርዷል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሰው እንደ ተማሪ ስም ጠርተው ካልቆጠሩ አይጀምሩም። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ተነሳች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ጨርቅ የሞላበት ቤት አላት፣ እሳት ያሳስባታል፤ ሚጢንም በልጅነቷ ያለ ዋጋ ቀሚስ ሰፍታላታለች። ልጂቱን እንደምትወዳት፣ ግን ነገሩን የሚያውቁት የገዛ አባቷ እንኳ እንደማይገቡበት፣ ከዚህ የበለጠ ምስክር እንደማያስፈልግ ተናግራ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ሳሙና ዞረ። መምህሩም እንግዲህ ስለ ጋዝ በዚህ ቤት የእርስዎ ቃል ነው፣ አንድ ነገር ይበሉን አሏቸው። ሚጢ ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን ታያለች። ጋሽ ሳሙና ተነሱ።

«መኪናው ውስጥ አልገባም ያልኩት ስለማውቅ መስሏችኋል። ለእኔም መስሎኝ ነበር። የፈራሁት ስላላወቅኩ ነው። ዛሬ ገብቼበት መጣሁ።» በእጃቸው ወደ ምድር ቤቱ አመለከቱ። «ይሄ ጋዝ ሲያመልጥ በላይ ነው የሚወጣው። የምድር ቤቱን የላይ ቀዳዳ ያስደፈንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። መውጫውን የዘጋሁት እኔ። መኪናው ያጠፋው የለም፤ ልጄም ያጠፋችው የለም። ዛሬ ሄጄ እስክማር ድረስ አሥራ ስድስት ቤት በእኔ አለማወቅ ላይ ተኝቷል።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ይዛ ተነስታ፣ ሁለት ወር ሙሉ ከሥሬ አፍነውብኝ ነበር ማለት ነው አለቻቸው። አዎ አሏት። ለእሷ መስኮት ብለው እንዳደረጉት እንኳ አልጨመሩም። ከዚያ የቴክኒሻኗን ወረቀት አውጥተው አነበቡ፤ ቀዳዳዎቹ እስኪከፈቱና ሴንሰሩ እስኪሰካ ድረስ መኪናው ሰማይ ሥር ይደራል፣ ነገ ጠዋት ባለሙያዋ ትመጣለች፣ የፈለገ ያለ ይሉኝታ ይጠይቃታል። ጠባቂው ከኋላ፣ የደፈነው እጄ ነው፣ ድካሙ የእኔ ነው፣ ነገ በማለዳ እሰብረዋለሁ አለ። ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ እርስ በርሱ ተወያየ። ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ወንበር መልሳ አስቀመጠችና ጠየቀቻቸው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ከእንግዲህ የእኔን ሲሊንደር ማን ሊያይልኝ ነው?»

«እኔው ነኛ። የእሱንስ አውቀዋለሁ።»

ሳቅ ሆነ። እጅ ሲወጣ መኪናው ይቆይ ያሉት አሥር ደረሱ፤ ልብስ ሰፊዋ እጇን እስከ ትከሻዋ ብቻ አነሳችና መምህሩ ግማሽ ድምፅ የለም አሏት፤ ጨርሳ አነሳችው። አምስቱ አላነሱም፤ ከአምስቱም አንዱ ሲወጣ ጋሽ ሳሙናን ሳይሰናበታቸው አለፈ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ሲታለፉ የመጀመሪያቸው ነው፤ ልባቸው ላይ ከበዳቸው።

ሚጢ ቀድማ ወጥታ ነበር። ሲደርሱባት ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ የቧንቧውን ጠብታ ታያለች። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ጠብታውን አዩት። ጋሽ ሳሙና፣ እንግዲህ ቅዳሜ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው አሏት። ሚጢ ዞር አላለችም። አይ አባዬ፣ እሄዳለሁ አለች። ወንበር ስበው ተቀመጡ። መኪናው ተፈቅዶ፣ ስማቸውን በአደባባይ ሸጠው፣ ልጂቱ ለካ ያኔውኑ ልቧ ወጥቷል። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ጠረጴዛው ላይ ምንም አልነበረም።

«ክፍሉን የፈለግኩት ለመኪናው ብዬ አይደለም» አለች ሚጢ። «አንተ እንድትተኛ ብዬ ነው። በማለዳ ስትወርድ እሰማሃለሁ። አንድ ቀን ተከትዬህ ወርጄ አየሁህ፤ በዚህ ዕድሜህ ሲሚንቶ ላይ በደረትህ ተኝተህ። እኔም መኪናውም ከዓይንህ ብንርቅ ይሻለዋል ብዬ ነው።»

ጋሽ ሳሙና ምንም የሚያፍሩበት ነገር አልቀራቸውም፤ ያላቸውን ሁሉ ታች ደረጃው ሥር ጨርሰውት ነው የወጡት። ስለዚህ ቀና ብለው፣ ሳይጠራጠሩ፣ የሆዳቸውን አወጡት።

«እኔ እንቅልፌን ያጣሁት አንቺ የተወለድሽ ቀን ነው። መኪናው ምን አደረገ? ስታሳልሺ ስሰማ ነው ያደግሽው፣ ስትገቢ ስሰማ ነው ያረጀሁት። ከሄድሽማ ምን ልሰማ ነው?»

ሚጢ ፊቷን በጃኬቷ እጅጌ ጠረገች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየም፣ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ስልኳን አውጥታ ደላላው ጋ ደወለችና ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጠው አለችው። ደላላው ከዚያ ማዶ ጮኸ፤ ምን ነካሽ፣ እንዲህ ያለ ቤት የት ታገኛለሽ፣ ምን ጎደለው ይላል። ሚጢ ጩኸቱን እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ቤቱ ምንም አልጎደለው» አለችው፤ «አባቴ ነው፣ ያለ እኔ እንቅልፍ አይወስደውም።»